ስለ አትክልት ስፍራ ባቡር ፋኖስ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓመት በጀርመን አገር የወጣው ኤል ጂ ቢ የተባለው የአትክልት ስፍራ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 45 ሚሊሜትር ነው። በጀርመን ሥርዓት ሐዲዱ በሚለያይበት ስፍራ የሚቆመው ፋኖስ፥ መንገዱ ቀጥ ያለ እንደ ሆነ የቆመ ነጭ ምልክት፥ የሚታጠፍ እንደ ሆነ ነጭ ቀስት ያሳያል።

ፋኖሱን ከመትከል አስቀድሞ መለያያውን በእጅ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ይገባል፤ ጠጠር ከገባበት ምላሱ ከሐዲዱ ጋራ አይገጥምምና። መብራቱ እምቢ ቢል ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ አምፑሉን መለወጥ፤ ይህም ባይረዳ በዝናብ የዛገውን የሽቦ ጫፍ መጥረግ ነው። እየበራ ምልክቱን ቢያሳስት ግን ነቅሎ ከመለያያው አቋም ጋራ አስማምቶ መትከል ያስፈልጋል።

የጠፋ ፋኖስ ያስጠነቅቃል፤ የሚዋሽ ፋኖስ ግን የሚያምነውን ያስታል። አባት ይህን ለልጁ ቢያስረዳ ከጨዋታው ትምህርቱ ይበልጣል።