መጀመሪያ የደወልነው ለማን ነበር?

ለተከበሩ ርእሰ መምህራችን፣

ይህን የምጽፈው ነገሩን በስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ አንስቼ «በቢሮ እንነጋገራለን» ስለተባልኩ ነው። በቢሮም አልተነጋገርንም። የልጅቷን ስም፣ ክፍሏንም ሆነ የትምህርት ቤታችንን ስም አልጠራም፤ እርስዎ ያውቁታል።

ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «እያስተማርን እናሳድጋታለን» ብለው ከገጠር ያመጧት ሰዎች ጋ ትኖራለች። አክስቷ ናቸው የተባሉትን ሴት ግን የምትጠራቸው «እትዬ» ብላ ነው። በፀሐይ ሹራቧን አታወልቅም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል፤ ስትነቃም ጀርባዋን ዴስኩ ላይ አታስደግፍም። ይህን ሁሉ ለሳምንታት እያየሁ ሰነፍ መስላኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።

አንድ ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ካልሲዋ ሲንሸራተት ባቷን አየሁት። ጎን ለጎን የሄዱ ሁለት መስመሮች፣ ጫፋቸው ላይ በግማሽ ክብ የተጋጠሙ። ልጅ ሮጦ ሲወድቅ ጉልበቱ ይላጣል፣ ቅልጥሙ ይበልዛል፣ ግንባሩ ያብጣል። ከባቱ ኋላ የታጠፈ የኤሌክትሪክ ገመድ ቅርጽ አይወጣበትም። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ወድቄ ነው» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «ቲቸር፣ ለእትዬ እንዳይነግሯቸው» አለች።

ለዩኒት ሊደራችን ነገርኩ። «ማስረጃሽ የታለ?» አለኝ፤ ከዚያ «ወላጅ ይጠራ»።

በማግስቱ እትዬ መጡ። ልጅቷን ከክፍል አስጠርተን ከሴትዮዋ ፊት ለፊት አስቀመጥናትና «ማነው የመታሽ?» ብለን ጠየቅናት። ጫማዋን እያየች «ወድቄ ነው» አለች። እትዬ አለቀሱ፤ እርስዎም አባበሏቸው። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም» የሚል ወረቀት ፈረሙ፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ገባ፣ ልጅቷም ከሳቸው ጋር ወደ ቤት ሄደች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ትንፍሽ አላልኩም።

ጋሼ፣ ክፉ ሰው ነዎት አልልም፤ ለልጆቹ ከኪስዎ ደብተር ሲገዙ አይቻለሁ። የምወቅሰው አሠራሩን ነው። «ወላጅ ይጠራ» ላረፈደና የቤት ሥራ ላልሠራ ልጅ የወጣ መላ ነው። የተጠረጠረው አሳዳጊው ራሱ ሲሆን ግን ልጅቷ ምስጢሯን እንዳወጣች ለተጠርጣሪው ማሳወቅ ይሆናል፤ ሌላ ስም የለውም። በዚያ ላይ የጠራነው ወላጅ ወላጇ አይደለም። የእናት የአባቷን ስልክ እንኳ ጠይቀን አናውቅም።

«ማስረጃ» የሚባለውም ነገር አይገባኝም። መጠርጠር የኛ ነው፤ ማጣራት የፖሊስ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው ወንጀሉ ሲፈጸም ባያይ እንኳ የማመልከት መብት ይሰጠዋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሕጉ አያስገድደንም» ሲል ተከራክሮኛል፤ ከፊሉ እውነቱን ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443፣ በሕግ ወይም በሙያው ደንብ የማስታወቅ ግዴታ የሌለበትን ሰው ወንጀልን ባለማስታወቅ የሚቀጣው ወንጀሉ ሞት ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስከትል ሲሆን ነው። በገመድ የተገረፈች ልጅ እዚያ ውስጥ አትገባም። እኔ ግን ይህን ቀዳዳ መደበቂያ ማድረግ አልፈልግም። አንቀጽ 576 ልጅን የሚያንገላታ፣ የሚደበድብ፣ ከአቅም በላይ የሚያሠራ አሳዳጊን ይቀጣል። ለአስተዳደግ ሲባል የሚወሰድን ተግሣጽ የሚለየውም ከሕግ እስካልወጣ ድረስ ነው። «ቆንጥጦ ማሳደግ» እያልን ገመዱንም የበርበሬ ጭሱንም አንድ ላይ የምንጠቀልለው እኛ ነን።

የተደፈረች ልጅ ስትሆን ደግሞ ሰዓቱም ይቆጠራል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይረዳም። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘው ማዕከል የተቋቋመው ልጅ ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተተች አንዱን ነገር አሥር ጊዜ እንዳትናገር ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ ወላጅ ይጠራል፣ ወላጁ ካልመጣ ሰኞ ይባላል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይገባል። ሦስት ቀን እንዲሁ ያልቃል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መምህር ሲጠረጥር ያየውንና ልጁ የተናገረውን ቃል በቃል፣ ከነቀኑና ሰዓቱ ጽፎ ይያዝ። ልጁን በማንም ፊት እንዳንመረምር፣ ጥያቄ እንዳንደጋግምበት። (ባለፈው ዓመት የአንድ ተማሪ ቁስል ፎቶ በመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ሲዞር አይቻለሁ፤ ይህንንም እንዳንደግመው።) ማመልከቻው በዚያው ቀን ለፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ወይም ለወረዳው ይድረስ፤ አሳዳጊው መቼና በማን እንደሚጠራ እነሱ ይንገሩን። የጠረጠርነው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ሴትዮዋ ይቀየሙናል፤ እኔ ከዚያ የሚብስ አይቻለሁ።

እትዬ ከፈረሙበት ቀን ወዲህ ልጅቷ አልመጣችም። በስም መጥሪያዬ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ቀሪ» ብዬ ጽፌያለሁ። ትናንት ከጽሕፈት ቤት «አቋርጣለች በይና ሰርዥያት» የሚል መልእክት ደረሰኝ። አልሰረዝኳትም። ቤት ሄዶ የሚያያት ሰው እንዲላክ ለፖሊስ ጣቢያው ዛሬ ጠዋት ያስገባሁትን ማመልከቻ ቅጂ ጸሐፊዎ ጋ ትቼዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የክፍሏ ኃላፊ መምህርት