ርስት ብሎ ጉልት መሸጥ ይብቃ
ለብሊዛርድ ኢንተርቴይንመንት ፕሬዚዳንት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክብርት ጆአና ፋሪስ፤

እኔ ጌም ተጫዋች አይደለሁም። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ። ኦቨርዋች የተባለውን ጨዋታችሁን የማውቀው በእህቴ ልጅ በኩል ነው። እሱ ምድር ቤት ሆኖ በማይክሮፎን ሲጮህ እኛ ከላይ ቡና እንጠጣለን። ይህን ሁሉ ዓመት ሲጮህ ሰምቼ አንዳንድ ነገር ሳይገባኝ አልቀረም።

የምጽፍልዎ በኢስፖርት ሊግ ውስጥ የቡድን ቦታን በቋሚነት ስለመሸጥ፣ ፍራንቻይዝ ስለሚባለው ነገር ነው። ኩባንያችሁ በኦቨርዋች ሊግ አንዴ ሞክሮት በ2023 ዘግቶታል። ዳግም ልትጀምሩት ወስናችኋል አልልም። ነገር ግን ይህ ሐሳብ እንደ ክረምት ጉንፋን ነው፤ ሄደ ሲሉት ይመለሳል። እርስዎም ከአሜሪካ ፉትቦል ሊጉ ከኤንኤፍኤል የመጡ፣ በ2020 የተጀመረውን የኮል ኦፍ ዱቲ ሊግ በኮሚሽነርነት የመሩ ሰው ነዎት፤ ያ ሊግ የቆመውም በተሸጠ ቦታ ላይ ነው። የጉዳዩን ሂሳብ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ የምነግርዎ ከተመልካች ወንበርና ከታክሲ ተራ ላይ ያየሁትን ነው።

ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። የኦቨርዋች ሊጉ ቡድን ዋሽንግተን ጀስቲስ በገዛ ከተማው ሊጫወት ነው ተብሎ፣ ዎርፍ ላይ ከአሮጌው የዓሣ ገበያ ብዙም ወደማይርቀው ዘ አንተም አዳራሽ ይዤው ሄድኩ። በዚያ ብርድ ጃኬቱን አልዘጋም ብሎኝ ስንጨቃጨቅ ነበር፤ ለካ ከውስጥ የለበሰውን ማሊያ ሰው እንዲያይለት ፈልጎ ነው። በር ላይ ስንደርስ በካርቶን ላይ የጻፈውን መፈክር ታክሲው ውስጥ ረስቶት ተመልሰን አመጣን።

ስክሪኑ ላይ የሚሆነው ነገር ለእኔ እሳት የያዘው የርችት መጋዘን ነው የሚመስለው። ማን ማንን እንደሚመታ ሳይገባኝ ሰው ብድግ ሲል ብድግ እላለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ በደስታ ሲዘል አብሬው ዘልዬ እጅ ለእጅ ተማታን። ልጁ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ የነሱ ደጋፊ ነው» አለኝ።

«የነሱ» እና «የኛ»። ሐቁን ልናገርና፣ ፍራንቻይዙ ባይኖር ልጁ ያቺን «የኛ» አያገኛትም ነበር። ቡድንን ከከተማ ጋር ማሰር ጥሩ ሐሳብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ የሐበሻ ልጅ፣ በቤቱ አማርኛ በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ሲያምታታ የኖረ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የከተማው ልጅ ሆኖ አየሁት። በማግስቱ ማሊያውን ለብሶ ትምህርት ቤት ሄደ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወረርሽኙ መጣ፤ አዳራሾቹ ተዘጉ፤ ጨዋታው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ገባ። ወረርሽኙን በእናንተ ላይ አላላክክም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት የተሸጠውና የተገዛው ነገር ነው።

ኦቨርዋች ሊግ በጃንዋሪ 2018 በ12 ቡድኖች ሲጀምር፣ አንድ ቦታ በ20 ሚሊዮን ዶላር እንደተሸጠ በየጋዜጣው ተዘግቧል። በሁለተኛው ዓመት የእኛው ዋሽንግተን ያለበት 8 ቡድን ተጨመረ፤ ዋጋውም ከዚያ በላይ እንደሆነ ተነገረ። የመጀመሪያው ዓመት ጨዋታ ከፍጻሜው በቀር በሙሉ የተካሄደው ካሊፎርኒያ በርባንክ ውስጥ፣ በአንድ አዳራሽ ነበር። ለንደንም ሻንጋይም ሶልም እዚያው በርባንክ። እንግዲህ ገዢዎቹ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለው ምን ያዙ?

እዚህ ላይ ወደ ታክሲ ተራ ልውሰድዎት። ሬገን ኤርፖርት ተራ እስኪደርሰን ስንጠብቅ፣ አንዱ ቡና በፔርሙዝ፣ ሌላው ሳምቡሳ በፎይል ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል፤ ወሬው ብዙ ጊዜ ስለ ኒውዮርክ ሜዳልዮን ነው። ሜዳልዮን የታክሲው ኮፈን ላይ የምትመታ የቆርቆሮ ባጅ ናት። ቁጥሯ የተወሰነ ስለሆነ ዋጋዋ ሲወጣ ሲወጣ፣ በ2014 ገደማ አንዷ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሳ ነበር። «ከቤት ትሻላለች፣ ለልጅህ ታወርሳታለህ» ይሉን ነበር። በ2011 እዚህ ዲሲም ሜዳልዮን ይግባ የሚል ረቂቅ ለከተማው ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ከሾፌሩ ብዙው ሐበሻ ነውና በየሬስቶራንቱ ስብሰባ ሆነ፤ ተቃወምን፤ ረቂቁም ሕግ ሳይሆን ቀረ። አንዳንዱ «ዕድላችንን ገፋን» ብሎ ለዓመታት አኮረፈን። ከዚያ ኡበር መጣ። የኒውዮርኳ ባጅ ከ200 ሺህ ዶላር በታች ወረደች፤ ተበድረው የገዟት ሾፌሮች ዕዳው ላያቸው ላይ ቀረ፤ ነፍሳቸውን ያጠፉም ነበሩ። ባጇ ውስጥ ወርቅ አልነበረም። ዋጋዋ የመጣው ሌላው ሰው እንዳይገባ ከመከልከሉ ብቻ ነበር።

በሊጉ ውስጥ የተሸጠው ቦታም እንዲሁ ነው። እንዲያውም የባሰ ይመስለኛል። የኒውዮርክ ከተማ ቢያንስ መንገዱን አንድ ቀን ተነስቶ አይዘጋውም።

አያቶቻችን ርስትና ጉልት ይሉ ነበር። ርስት የዘርህ ነው፣ ማንም አይነቅልህም፤ ጉልት ግን የሰጪው ነው፣ ንጉሡ ሲከፋው ይነሳሃል። እርስዎ በመጡበት በኤንኤፍኤል ሊጉ የ32ቱ ክለቦች ነው፤ ኮሚሽነሩን የሚመርጡትና ደመወዙን የሚከፍሉት ባለቤቶቹ ናቸው። በኢስፖርት ተገላቢጦሽ ነው። ኳሱም፣ ሜዳውም፣ ዳኛውም፣ ኳሷ ስትወረወር የምትወድቅበት ሕግ እንኳ ሳይቀር የአንድ ኩባንያ ነው። በ2022 ሊጉ ወደ ኦቨርዋች 2 ሲሸጋገር ጨዋታው ከስድስት ለስድስት ወደ አምስት ለአምስት ተቀየረ። ለጨዋታው ይበጅ ይሆናል፤ እሱን ለሚያውቁት እተወዋለሁ። ነገር ግን እግር ኳስ ማኅበር ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ በዘጠኝ ሰው ነው የምትጫወቱት» ሲል ይታይዎ። ውሳኔው የኩባንያው እንጂ ሚሊዮኖቹን የከፈሉት ቡድኖች አልነበረም። ርስት ተብሎ የተሸጠላቸው ጉልት ነበር። በ2023 ቡድኖቹ ድምፅ ሰጥተው ሲበተኑ፣ ለያንዳንዳቸው 6 ሚሊዮን ዶላር መሰናበቻ ተቆረጠ፤ ደጋፊው መሰናበቻ አልነበረውም።

የባለሀብቶቹ ኪሳራ እንቅልፍ አይነሳኝም፤ እነሱ ይችሉታል። የሚከነክነኝ በሩ ነው።

ከሊጋችሁ በፊት ኮሪያ ውስጥ ኦጂኤን የተባለ ጣቢያ የሚያዘጋጀው አፔክስ የተባለ ውድድር ነበር። ከታች ባለው እርከን አሸንፎ የመጣ ቡድን ወደ ላይ ይገባበታል። በ2017 በአራተኛው ዙር፣ ጂሲ ቡሳን የተባሉ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራቸው ልጆች ከታችኛው እርከን መጥተው፣ ገና በመጀመሪያ ተሳትፏቸው ዋንጫውን ወሰዱ። ከእነዚያ ልጆች ዋና ዋናዎቹ በኋላ የት ገቡ? ለንደን ስፒትፋየር። በጁላይ 2018 ብሩክሊን ባርክሌይስ ሴንተር ውስጥ የሊጋችሁን የመጀመሪያ ዋንጫ ያነሳው ማን ነው? ያው ለንደን ስፒትፋየር። የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ፕሮፊትም ከቡሳን ልጆች አንዱ ነው። የዝግ ቤታችሁን የመጀመሪያ ድግስ ያደመቁት በክፍት በር የገቡ ልጆች ነበሩ፤ እነሱ ከገቡ በኋላ በሩ ተቆለፈ።

ከዚያ በኋላ ከታች ኮንቴንደርስ የተባለ እርከን ነበራችሁ። መሰላል ግን ጫፉ ሰገነት ላይ ካልደረሰ እንጨት ብቻ ነው። ኮንቴንደርስን ያሸነፈ ቡድን የሚያድግበት ቦታ አልነበረም፤ ከቡድኑ ውስጥ አንድ ሁለቱ ተመርጠው ይወሰዳሉ፣ የቀሩት ይበተናሉ። ስፖንሰር ያላቸው ክለቦችም አንድ በአንድ ጥለው ወጡ። ጎረቤታችሁ ጨዋታ ሠሪው ሪዮትም ከዚሁ ጽዋ ቀምሷል። የሰሜን አሜሪካ የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ውድድር በ2018 ፍራንቻይዝ ሆነ። በ2023 ክለቦቹ ሁለተኛ ቡድን የመያዝ ግዴታቸው ሲነሳላቸው አብዛኞቹ ወዲያው በተኑት። ተጫዋቾቹ «አንጫወትም» ብለው ድምፅ ሰጡ፤ የውድድሩ መጀመሪያም በሁለት ሳምንት ተገፋ። ቦታው የተረጋገጠለት ክለብ ተተኪ ለማፍራት ምን ያስቸኩለዋል?

በሌላ ወገን የዶታ 2 ጨዋታን ነገር ይመልከቱ። በ2018 ኦጂ የተባለው ቡድን ሁለት ተጫዋቾቹ ጥለውት ሄደው፣ አሠልጣኙ ራሱ ሊጫወት ገብቶ፣ ስሙ ብዙም ያልታወቀ የፊንላንድ ልጅ ጨምሮ፣ ማንም ከሚመዘገብበት ክፍት ማጣሪያ ተነሳ። ቫንኩቨር ላይ ዓለምን አሸንፎ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰደ፤ በዓመቱ ሻንጋይ ላይ ደገመው። በዝግ ሊግ ይህ ታሪክ አይጻፍም። በአውሮፓ እግር ኳስም ሀብታሞቹ ክለቦች በ2021 የማይወርዱበትን ሱፐር ሊግ ሲያውጁ የሆነውን ያስታውሳሉ። ያን ሰሞን እኛ ፀጉር የምንቆረጥበት ቤት ውስጥ የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማ።

አንድ ነገር ግን አልክድም፤ ብክድ ልጁ ራሱ አይለቀኝም። ሊጋችሁ ለተጫዋች በዓመት ቢያንስ 50 ሺህ ዶላር ደመወዝ፣ የጤና መድን፣ መኖሪያ ቤት ሰጥቷል። ከዚያ በፊት የብዙዎቹ ውል የቃል ነበር። ወላጅ ልጁን «እንግዲህ ሞክር» ለማለት የደፈረው በዚያ ምክንያት ነው። ወራጅ ያለበት ሊግም ጨካኝ ነው፤ አንድ ክፉ ወር ቡድን ይበትናል፣ ስፖንሰር ያሸሻል። ይህን የሚሉ ሰዎች ዋሽተዋል አልልም። ነገር ግን ያው ዝግ ቤት ደመወዝ ሰጪም ደመወዝ ቆንጣጭም ነበር፦ ለተጫዋች ከተወሰነ ልክ በላይ የከፈለ ቡድን ቅጣት የሚከፍልበት ደንብ አውጥታችሁ ነበርና፣ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በኤፕሪል 2023 ከሷችሁ በስምምነት አለቀ። ተጫዋቹን የጠበቀው የተጻፈው ደንብ ነው እንጂ የተሸጠው ቦታ አይደለም። ደንቡን ያለ ሽያጩ ማስቀጠል ይቻላል።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይህን ነው። ክለቦችን መደገፍ ከፈለጋችሁ ደግፉ፤ በጨዋታው ውስጥ በቡድን ስም ከሚሸጠው ስኪን ከሚሉት የገጸ ባሕርይ ልብስ ድርሻ ስጧቸው፣ የመጣውም ገቢ በውጤታቸው ልክ ይሁን። ዘንድሮ ለተንሸራተተ ነባር ክለብ አንድ ዓመት ምሕረት ብታደርጉም አልቃወምም። ቦታውን ግን አትሽጡ፤ በየዓመቱ ጥቂት ወንበር ከክፍት ማጣሪያ ለሚመጣ ይቀመጥ። በ2024 በጀመራችሁት የሻምፒዮንስ ሲሪስ ውድድር ያን በር መልሳችሁ ከፍታችኋል፤ ለዚያ አመሰግናለሁ። ዝቅተኛውን ደመወዝና መድኑንም በውድድሩ ደንብ ላይ ጻፉት፤ ከአንድ ደረጃ በላይ የደረሰ ቡድን ሁሉ ይገደድበት። የከተማ ስምም ለመያዝ 20 ሚሊዮን አያስፈልግም፤ ጊዮርጊስና ቡና አዲስ አበባን ለሁለት ሲከፍሏት ቦታ ገዝተው አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ከውድድሩ ቀጠናዎች የአንደኛው ስም ውስጥ «አፍሪካ» የሚል አለ። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ካለ የአጎቱ ልጅ ጋር አንዳንዴ ይጫወታል፤ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ስለሆነ ያኛው የተኮሰው ጥይት የሚደርሰው ዒላማው ከሄደ በኋላ ነው። ይህን እንድታስተካክሉ ዛሬ አልጠይቅም፤ ለሌላ ደብዳቤ ይቆየኝ። በክፍት ማጣሪያ ግን ያ ልጅ ዘግይቶም ቢሆን ሊሞክር ይችላል። ቦታ በሚሸጥበት ሊግ የመሞከሪያ በሩ እንኳ የለውም።

የእኛው ልጅ አሁን አሥራ ስምንት ሞልቶታል። የጀስቲስ ማሊያ ጠቦታል፤ እናቱ ለቤተ ክርስቲያን ልብስ ማሰባሰቢያ ልትሰጠው ስትል ከከረጢቱ አውጥቶ ደብቆታል። ባለፈው ጊዜ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ለክፍት ማጣሪያ ተመዘገበ። የቡድኑን ስም እናቱ ፊት መጥራት አይቻልም። ምድር ቤት ወርጄ ከኋላው ቆሜ አየሁ፤ አሁንም ምንም አልገባኝም። በመጀመሪያው ዙር ተሸነፉ፤ አርባ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረም። በአራተኛው ቀን ቡና ስንጠጣ ከታች ጩኸት ሰማን፤ ከመካከላቸው አንዱ ሥራ ስለያዘ አምስተኛ ሰው እያፈላለጉ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
የቀድሞ የታክሲ ሾፌር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ