ጮኾ የሚሰበረውና ዝም ብሎ የሚያሳስተው

መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም. የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ 3.14 ሥሪት ወጣ። ቁጥሩ የሒሳቡን ፓይ ስለሚመስል የቋንቋው ጠባቂዎች ትንሽ ቀልደውበታል፤ አዲስ የሥራ ከባቢ የሚፈጥር ሰው ከተለመዱት ማስጀመሪያዎች መካከል በስሙ የፓይ ምልክት ያለበት አንድ ፋይል ያገኛል። ከቀልዱ ባሻገር ያለው ዜና ግን ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለ ሥሪት በወጣ ቁጥር በየቢሮው ሁለት ጥያቄ ይነሳል፤ ወጣቶቹ «ምን አዲስ ነገር አመጣ?» ይላሉ፣ ሰርቨሩን የሚጠብቁት ደግሞ «ምን ይሰብርብናል?» ይላሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ሆኖም ግማሽ ጥያቄ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው፣ የሚሰበረው ነገር ሲሰበር ይጮኻል ወይስ ዝም ይላል የሚለው ነው። የአንድ ሥሪት ክፋትና ደግነት የሚለካው ባፈረሰው ነገር ብዛት ሳይሆን ያፈረሰውን ለባለቤቱ በመናገሩና ባለመናገሩ ነው ባይ ነኝ። በዚህ ሚዛን ሲታይ 3.14 በትልቁ ጉዳይ ላይ አስተዋይ ነው፣ በአንድ ትንሽ በሚመስል ጉዳይ ላይ ግን የድሮውን ጥፋት ደግሟል።

የድሮው ጥፋት የቱ እንደሆነ ለማየት ከሁለተኛው ትውልድ ወደ ሦስተኛው የተደረገውን ስደት ማስታወስ ያስፈልጋል። ፓይተን 3.0 እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ሲወጣ ከቀድሞው ጋር እንዳይጣጣም ሆን ተብሎ የተሠራ ነበር። ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲያከትም ቀን ተቆርጦለት ነበር፤ ሰው አልሻገር ስላለ ቀኑ ወደ 2020 ተገፋ። ያን ዘመን ያየ ሰው ሲያወራ የሚያነሳው ፕሪንትን ነው። ያለ ቅንፍ ይጻፍ የነበረው ትእዛዝ በድንገት ቅንፍ ጠየቀ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር መስመር መታረም ነበረበት፣ ስድቡም ወረደ። ይሁን እንጂ ፕሪንት ማንንም አላሳሳተም። ቅንፍ የሌለው ፕሮግራም ገና ከመነሻው አልሄድም ብሎ ይቆማል፣ የቆመበትንም መስመር ቁጥር ይናገራል። ማረሙ አሰልቺ ነው፤ አደገኛ አይደለም። አደገኛው ማካፈል ነበር። በሁለተኛው ትውልድ 5 ለ2 ሲካፈል መልሱ 2 ነበር፤ በሦስተኛው 2.5 ሆነ። አዲሱ መልስ በሒሳብ ዓይን ትክክለኛው እንደሆነ አልክድም። ነገር ግን በድሮው ባሕርይ ላይ የቆመ ስሌት፣ ለምሳሌ ዕቃን በካርቶን የሚያከፋፍል ወይም ክፍያን በእኩል ወራት የሚሸነሽን ፕሮግራም፣ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የተለየ ቁጥር ማውጣት ይጀምራል። ያ ቁጥር ሪፖርት ላይ ይሰፍራል፣ ሪፖርቱ ይፈረማል። ስሕተቱ የሚታወቀው፣ ከታወቀ፣ የሆነ ሰው ገንዘብ ሲጎድለው ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ስደት ሌላም ገጽታ ነበረው፣ እሱም ክርክሬን ያጠናክርልኛል። በሁለተኛው ትውልድ ተራው ጽሑፍ የሚቆጠረው በፊደል ሳይሆን በባይት ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ሦስት ባይት ስለሚይዝ «ሰላም» የሚለው ቃል ርዝመት 9 ነው ይባል ነበር፤ በሦስተኛው ትውልድ 3 ሆነ። ስምን በአሥር ፊደል ቁረጥ የተባለ የድሮ ፕሮግራም ለእንግሊዝኛው አሥሩን ሲሰጥ ለእኛ ሦስት ፊደልና የአንድ ፊደል ስባሪ ይሰጥ ነበር። ቋንቋው በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልተነፈሰም። በላቲን ፊደል ለሚጽፈው ስለሠራ ችግር የለም ተብሎ ነበር። ፓይተን 3 ያንን ዝምታ መስበሩ፣ ባይትና ጽሑፍ ሲደባለቁበት አልቀበልም ብሎ መጮኹ፣ ለብዙ ፈረንጅ ፕሮግራመር ራስ ምታት ሲሆን ለእኛ ግን ዕዳ መክፈል ነበር። ጩኸት የሚጠላው ዝምታው ያልጎዳው ሰው ነው።

ከዚህ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የወጣውን 3.13 መመልከት ይቻላል። ያ ሥሪት በቋንቋው መደበኛ ጓዳ ውስጥ የነበሩ 19 ሞጁሎችን ጣለ። ከተጣሉት መካከል የድሮ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ሲጂአይና የኔትወርክ ባለሙያዎች አሮጌ ራውተሮችን የሚያዙበት ቴልኔትሊብ ነበሩ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ትውልድ ኮድ ያሻግር የነበረው መሣሪያም አብሮ ሄዷል፤ አሻጋሪው ራሱ ተሻገረ ማለት ነው። ብዙ ቅሬታ ተሰማ። እኔ ግን ይህንን የጨዋ ማፍረስ እለዋለሁ። መወገዳቸው ከሁለት ዓመት በፊት በ3.11 ተነግሮ ነበር፣ የሚጠቀምባቸው ፕሮግራም ደግሞ በአዲሱ ሥሪት ላይ ሞጁሉ የለም ብሎ ወዲያው ይቆማል። ምን እንደጎደለው የማያውቅ ተጠቃሚ አይኖርም።

አሁን ወደ 3.14 ትልቁ ዜና። ፓይተን ከጥንት ጀምሮ ጊል የሚባል አንድ ቁልፍ አለው። ብዙ ምድጃ ያለበትን የጋራ ማብሰያ ቤት አስቡ፤ በሩ አንድ፣ ቁልፉም አንድ። ቁልፉን የያዘችው ብቻ ገብታ ታበስላለች፣ ሌሎቹ ምድጃ ባዶ ሆኖ እያዩ ደጅ ይቆማሉ። የዛሬ ኮምፒውተር ስምንትና አሥራ ስድስት ምድጃ ይዞ የፓይተን ትሬዶች፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱት ሥራዎች፣ በተራ የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ቁልፉ በስንፍና የተቀመጠ አይደለም፤ የትኛው ዳታ በስንት ቦታ እንደተያዘ የሚቆጥረው የውስጥ መዝገብ እንዳይፋለስ የሚጠብቅ ነው። ሳም ግሮስ የተባለው መሐንዲስ ቁልፉን ማስቀረት የሚቻልበትን መንገድ ፔፕ 703 በተባለው ሰነድ አቀረበ፣ የቋንቋው አመራር ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2023 ተቀበለው። በ3.13 ለሙከራ ሲወጣ በአንድ ትሬድ የሚሄድን ፕሮግራም 40 በመቶ ያህል ያዘገይ ነበር። በ3.14 ቅጣቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ወደሚሆን መጠን ወርዷል፣ ሥሪቱም ከሙከራ ወጥቶ በይፋ የሚደገፍ ሆኗል።

የሚያስመሰግነው ፍጥነቱ ሳይሆን አገባቡ ነው። ቁልፍ በሌለበት ቤት ሁለት ትሬዶች አንድን መዝገብ በአንድ ጊዜ ሲነኩት የሚጠፋው ነገር ያለ ድምፅ ይጠፋል። ቁልፉ በአጋጣሚ ሸፍኗቸው የኖሩ የድሮ ስሕተቶች ሁሉ ይገለጣሉ፤ የሚገለጡትም በሺህ አንዴ፣ በተጨናነቀ ሰዓት፣ ለመያዝ በማይመች መንገድ ነው። ጠባቂዎቹ ይህን አውቀው ቁልፍ አልባውን ፓይተን ለብቻው የሚጫን አደረጉት፤ ዝም ብሎ 3.14ን የጫነ ሰው ቁልፉ እንዳለ ያገኘዋል። ቁልፍ አልባውን መርጦ የጫነም ቢሆን፣ በሲ የተጻፈና «ለዚህ ዝግጁ ነኝ» ብሎ ያላስመዘገበ ላይብረሪ ሲያስገባ ቋንቋው ቁልፉን መልሶ ያስገባና ይህንኑ በማስጠንቀቂያ ይነግረዋል። ያለፈው ስደት ያስተማረው ትምህርት እዚህ ላይ በግልጽ ይነበባል። ቲ-ስትሪንግ የተባለው አዲሱ የጽሑፍ ቅንብር፣ የዝስታንዳርድ ማመቂያው፣ ቀለም ያለው የትእዛዝ መስኮት ጥሩ ናቸው፤ ያልፈለጋቸው ሰው ግን ሳያውቃቸው ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ አልዘገይባቸውም።

ቅሬታዬ በሥሪቱ ማስታወቂያ የኋላ ገጾች ላይ በጥቂት መስመር ስለተጻፈ ለውጥ ነው። መልቲፕሮሰሲንግ የሚባለው ክፍል ሥራን ለብዙ ረዳት ፕሮሰሶች ያካፍላል። በሊኑክስ ላይ ረዳቱ የሚፈጠረው ፎርክ በሚባል ዘዴ ነበር፤ ልጁ የወላጁን አእምሮ እንዳለ ወርሶ ይወለዳል። ከ3.14 ጀምሮ መንገድ ላልመረጠ ሁሉ ዘዴው ፎርክሰርቨር ሆኗል፤ ልጁ ከንጹሕ አገልጋይ ይወለድና የወላጁን ኮድ ከላይ ጀምሮ እንደ አዲስ ያነባል። ልዩነቱን በደመወዝ ፕሮግራም ላሳይ። ከፋይሉ አናት ላይ የግብሩ መጠን ዜሮ ተብሎ ተጽፏል፤ ዋናው ክፍል ሲነሳ ትክክለኛውን መጠን ከሰነድ አንብቦ በዜሮው ቦታ ይተካዋል፤ ከዚያ የሺህ ሠራተኞችን ስሌት ለረዳቶቹ ያከፋፍላል። በፎርክ ዘመን ረዳቶቹ የተተካውን መጠን ይወርሱ ነበር። በፎርክሰርቨር ረዳቱ ፋይሉን ከአናቱ ያነባል፣ ዋናው ክፍል ግን በእሱ ዘንድ አይሠራም፤ ስለዚህ የሚያውቀው ዜሮውን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አይወድቅም። ግብር ያልተቀነሰበት የሺህ ሰው ደመወዝ በሥርዓት አስልቶ ያስረክባል። በአንዳንድ አጻጻፍ ፕሮግራሙ ጮኾ ይቆማል፤ እነዚያ ዕድለኞች ናቸው።

የጠባቂዎቹ መልስ ደካማ አይደለም። ፎርክ ራሱ ዝምተኛ በሽታ አለበት ይላሉ፤ ወላጁ ብዙ ትሬድ ካለው፣ አንዱ ትሬድ የያዘው መቆለፊያ ተዘግቶ ለልጁ ይተላለፋል፣ የሚከፍተው ትሬድ ግን አብሮ አልተወለደም፣ ልጁም ለዘለዓለም ሲጠብቅ ይቀራል። ማክና ዊንዶውስ ላይ ፎርክ መደበኛ አይደለም፤ ከ3.12 ወዲህም ብዙ ትሬድ እያለው ፎርክ ለሚያደርግ ሰው ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ቆይቷል። ሁሉም እውነት ነው፣ ለውጡ መደረጉንም አልቃወምም። የምቃወመው አደራረጉን ነው። ያ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ትሬድ ላለው ሰው ነው፤ ከላይ ያለው የደመወዝ ፕሮግራም ግን አንድም ተጨማሪ ትሬድ የለውም፣ ስለዚህ ምንም ሳይነገረው ድንበሩን ተሻገረ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሥሪት ዘዴውን በስም ያልጠራን ሁሉ «ምረጥ» ብሎ ማስገደድ ይቻል ነበር። ምንም የማይነካውን ብዙ ሰው በከንቱ ማስጮኽ ይሆናል ይባላል። ይሆናል። ግን ሒሳቡን አስተያዩት፤ የጩኸቱ ዋጋ አንድ መስመር መጨመር ነው፣ የዝምታው ዋጋ የወር ደመወዝ ዝርዝር ነው።

ከዚህ ሁሉ «እንግዲያው አትንኩት፣ የሚሠራውን ተዉት» የሚል ድምዳሜ የሚያወጣ ብዙ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እያንዳንዱ ሥሪት የሚጠበቀው ለአምስት ዓመት ነው፤ የ3.9 ጊዜ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አልቋል፣ ለ3.10 የተቆረጠው ደግሞ ኦክቶበር 2026 ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ አይደፈንም። ባለመሻገር የሚገኘው ጸጥታም ሐሰተኛ ነው። ከ3.8 ወደ 3.14 በአንድ ጊዜ የዘለለ ድርጅት የስድስት ሥሪት የባሕርይ ለውጥ በአንድ ሌሊት ይወርድበታል፣ ቁጥሩ ሲዛባ የትኛው እንዳዛባው ለመለየት ስድስት ተጠርጣሪ አለው። በየዓመቱ የሚሻገር ሰው አንድ ብቻ አለው። ደግሞ በወጣበት ሳምንት መሻገር የሚወዱ አሉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ላይብረሪዎቹ እስኪደርሱ ጥቂት ወር መታገሥ ውርደት አይደለም።

«መሞከሪያ አለን፣ ሁሉም አልፏል» የሚለው መልስ የበለጠ ክብደት አለው፣ ግን መሞከሪያው ምን እንደሚጠይቅ ይወሰናል። አብዛኛው መሞከሪያ የሚጠይቀው ፕሮግራሙ መሄዱን ነው፤ ዝምተኛው ስሕተት ደግሞ መሄድ ይችላል። ለሱ የሚሆነው አሮጌውንና አዲሱን ሥሪት ጎን ለጎን አቁሞ፣ ያለፈውን ወር እውነተኛ መረጃ ለሁለቱም ሰጥቶ፣ ውጤቱን ቁጥር በቁጥር ማመሳከር ነው። የሒሳብ ሹሞች ሥርዓት ሲቀይሩ ሁለቱን መዝገብ ለጥቂት ጊዜ አብረው እንደሚይዙት ማለት ነው። ሌላም አለ። ፓይተን የሚወገዱ ነገሮችን የሚያመለክተውን ማስጠንቀቂያ፣ በዋናው ፋይል ውስጥ ካልተነሳ በቀር፣ እንዲያው ከነጭራሹ አያሳይም፤ ሳይነግር ነገርኩ ይላል። ስለዚህ ወደ አዲሱ ከመሄዳችሁ በፊት በአሮጌው ላይ ማስጠንቀቂያን ሁሉ እንደ ስሕተት የሚቆጥረውን ማስጀመሪያ ምርጫ ከፍታችሁ አንድ ጊዜ አስሂዱት።

ቀጣዩ 3.15 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2026 እንዲወጣ ታቅዷል፣ እሱም የራሱን ዝምተኛ ለውጥ ይዟል። ዓይነቱ (ኢንኮዲንጉ) ሳይነገረው የተከፈተ የጽሑፍ ፋይል በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ እንደ ዩቲኤፍ-8 ይነበባል። እስካሁን በብዙ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በላቲን ሰንጠረዥ ስለሚነበብ አንድ የአማርኛ ፋይል በቢሮው ሊኑክስ ላይ ደህና ሆኖ ቤት ሲደርስ የተዝረከረከ ምልክት ይሆን ነበር። ለውጡ ለእኛ የተመቸ ነው፣ ተቀባዩም ብዙ ይሆናል። ነገር ግን የተመቸንም ዝምታ ዝምታ ነው፤ በድሮው ሰንጠረዥ የተቀመጡ አሮጌ ፋይሎች ያሏችሁ ከአሁኑ መርምሩ፣ ፋይል በምትከፍቱበት ቦታ ሁሉ የጽሑፉን ዓይነት በስሙ ጻፉት።