የምግብ ደህንነት ምስክር ወረቀት፦ ላኪ ኩባንያዎች ለምን ይይዙታል፣ ለምንስ ይተዉታል?

በዱባይም ሆነ በጅዳ የሥጋ መሸጫዎች የኢትዮጵያ ፍየልና በግ ሥጋ ለአማርኛ ተናጋሪው ነዋሪ እንግዳ አይደለም። እንስሳቱ በሞጆና በቢሾፍቱ ቄራዎች ይታረዳሉ፤ ሥጋውም ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ይጫናል። ዋነኞቹ ገዢዎችም ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ናቸው። ከጭነቱ ጋር የሚጓዙት ሰነዶች ግን ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም።

የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀትና የሐላል ማረጋገጫ ከሌሉ ሥጋው ወደ ገበያው አይገባም። ቄራውም በተቀባዩ አገር ባለሥልጣናት ዘንድ ተቀባይነት ማግኘት አለበት። አይኤስኦ 22000 የተባለው የምግብ ደህንነት አመራር መስፈርት ግን ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ በ2018 የተሻሻለው ይህ መስፈርት በፈቃደኝነት የሚያዝ ነው። የምስክር ወረቀቱ ለሦስት ዓመት ያገለግላል፤ በየዓመቱም የክትትል ኦዲት ይደረጋል። ስለዚህ ኩባንያው በየሦስት ዓመቱ «ይቀጥል ወይስ ይቅር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መልሱን በዋናነት የሚወስነው ገዢው ነው። ትልልቅ የሱፐርማርኬት ሰንሰለቶች ሰነዱን ሲጠይቁ ላኪው ይይዘዋል። የጅምላ ነጋዴው ግን በአብዛኛው የሚያየው ዋጋውን፣ ትኩስነቱንና የሥጋውን ቀለም ነው። (የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ስለሚጠቁር ላኪዎች የቦረናንና የሶማሌን ቆላ እንስሳት የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ምስክር ወረቀት አይለውጠውም።) ለሰነዱ ተጨማሪ ሪያል ወይም ድርሃም የማይከፍል ገዢ ባለበት፣ ወጪው የሚወጣው ከላኪው ትርፍ ላይ ነው።

ወጪው ደግሞ ብዙ ቢያርዱም ጥቂት ቢያርዱም ብዙም የማይለወጥ ነው። የኢትዮጵያ ኤክስፖርት ቄራዎች ከአቅማቸው በታች እየሠሩ መቆየታቸው የታወቀ ነው፤ የቁም እንስሳት በኮንትሮባንድ ድንበር መሻገራቸውም አንዱ ምክንያት ነው። ጥቂት በሚያርድ ቄራ የኦዲትና የላቦራቶሪ ክፍያ በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ይከብዳል። የውጭ ምንዛሪ እጥረትም ብዙ ጊዜ እንደ ሰበብ ይነሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ሒሳብ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ መድረሱ እውነት ነው። ይሁንና ላኪው ገቢውን የሚያገኘው በዶላር ነው፤ በዚያው ማሻሻያም ከገቢው ግማሹን በውጭ ምንዛሪ እንዲይዝ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ ይህ ምክንያት ለውጭ ገበያ ከሚያመርተው ይልቅ ለአገር ውስጥ አምራቹ ይሠራል።

ብዙ ያልተወራለት ሌላ ምክንያት የሰው ኃይል ነው። ሥርዓቱ በአንድ የጥራት ኃላፊ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ሲኖር፣ ያ ሰው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ መዝገቡም አብሮት ይቆማል። ቀጣዩ ኦዲት ሲደርስ የሙቀት መጠን መመዝገቢያው ባዶ ይሆናል።

ምስክር ወረቀት መተው ግን ሁልጊዜ ውድቀት አይደለም። አንዳንዱ ኩባንያ አይኤስኦ 22000ን የሚተወው ትልልቅ ቸርቻሪዎች ይበልጥ ወደሚቀበሉት ኤፍኤስኤስሲ 22000 ለመሸጋገር ነው። ሌላው ደግሞ ወረቀቱን ትቶ፣ አደጋን አስቀድሞ የሚለየውንና ወሳኝ ነጥቦችን የሚቆጣጠረውን ሀሳፕ የተባለውን አሠራር ሊቀጥል ይችላል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አሠራሩን ከረሳው ኩባንያ ይህኛው ይሻላል።

ከሁሉም የከበደው ችግር የአንዱ ጥንቃቄ ከሌላው ጥፋት አለመጠበቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲከሰት የባሕረ ሰላጤው አገሮች እገዳ የጣሉት በአንድ ነጋዴ ላይ ሳይሆን ከአፍሪካ ቀንድ በሚመጡ የቁም እንስሳት ላይ ነበር። በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ስታገኝም፣ ጥርጣሬው ወደ ማሸጊያ ጆንያው ቢያመለክትም ጉዳቱ የደረሰው በመላው የቡና ንግድ ላይ ነው። እገዳ ሲመጣ የከፈለውም ያልከፈለውም አብረው የሚቆሙ ከሆነ፣ ብቻውን መክፈል የሚያዋጣው ገዢው በውሉ ላይ ሰነዱን ስሙን ጠርቶ ለሚጠይቀው ላኪ ነው። ጭነት በቆመበት ሳምንት ደግሞ ስለ ኦዲት ሰምቶ የማያውቀው የቦረና አርብቶ አደር ፍየሎቹን በወረደ ዋጋ ይሸጣል፤ ወይም ወደ መጣበት ይዟቸው ይመለሳል።