ልጆቻችንን ከበር የሚመልስ ሙዚቃ



«የዛሬ ልጆች ሙዚቃችንን አይወዱም» የሚለው እሮሮ በዕድሩ ስብሰባም፣ በሠርጉም፣ በቡናውም ላይ ይሰማል። እኔ በበኩሌ ይህን አባባል አልቀበለውም። ልጆቹ ሙዚቃችንን ጠልተው አልሄዱም፤ እኛው ነን ከበር የመለስናቸው። ነገሩ ግልጽ ነው። የእኛ የሙዚቃ ዝግጅት የሚደረገው መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ነው፤ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አይገባም፤ ዘፋኙ መድረክ ላይ የሚወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ የመግቢያው ዋጋ ደግሞ የአንድ ተማሪን የሳምንት የኪስ ገንዘብ ጠራርጎ ይወስዳል። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ከእነዚህ ቤቶች ደጃፍ በታክሲዬ የማነሳቸው መንገደኞች የእኔው እኩዮች ናቸው። ታዲያ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የት ሆኖ ይስማ? ልጅን ያላቀመስነውን ምግብ «አይጥመውም» ብሎ መፍረድስ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው?

«ምን ይደረግ? ሕጉ ነው፤ የአዳራሽ ኪራዩም ውድ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለእነርሱ መልስ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ በምንኖርባት በዋሺንግተን፣ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው የፓንክ ሮክ ልጆች ከአርባ ዓመት በፊት ይህንኑ በር አንኳኩተው አስከፍተውታል። ፓንክ ሲባል ፀጉሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመ ወጣትና ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ብቻ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ጩኸቱን መውደድ ግዴታ አይደለም። እኔ የምለው ሥራቸውን እንመርምር ነው።

በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቲን አይድልስ የሚባል ባንድ የነበራቸው ልጆች በአውቶቡስ ካሊፎርኒያ ድረስ ተጓዙ። ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ማቡሃይ ጋርደንስ በተባለው ክለብ፣ ዕድሜያቸው ለመጠጥ ስላልደረሰ፣ ከበር በመመለስ ፈንታ እጃቸው ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ተደርጎ እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ምልክቱ ያለበት ሰው መጠጥ አይሸጥለትም፤ ሙዚቃውን ግን ይሰማል፤ ይጫወታልም። ልጆቹ ወደ ዋሺንግተን ሲመለሱ ይህንኑ ዘዴ በኤፍ ጎዳና ላይ ለነበረው ለናይን ሰርቲ ክለብ አቀረቡ። ሲጠጡ ቢያዙ ዳግመኛ ላይገቡ ቃል ገቡ። በሩ ተከፈተ። ሕጉ አልተጣሰም፤ ባለቤቱም አልከሰረም። አንድ ጥቁር የቀለም እስክሪብቶ የሠራውን ሥራ እኛ በዚህ ሁሉ የስደት ዘመናችን መሥራት ለምን አቃተን?

ስለ ገንዘቡም እናንሳ። ያ ባንድ ከየዝግጅቱ የሚያገኛትን ሳንቲም ሳይከፋፈል በአንድ የሲጋራ ሣጥን ውስጥ ያጠራቅም ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባንዱ ሲበተን በሣጥኑ ውስጥ 600 ዶላር ገደማ ነበር። ተካፍለው ቢሄዱ ማን ይከለክላቸዋል? እነርሱ ግን በገንዘቡ 1,000 ሸክላ አሳተሙ። የሸክላ ልባስ እንዴት እንደሚሠራ ስለማያውቁም ከእንግሊዝ የመጣ አንድ ልባስ ሙጫውን አላቀው ዘርግተው፣ በልኩ አሣትመው፣ በመቀስ ቆርጠው በእጃቸው አጣበቁት። ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን ከጓደኞቻቸው ጋር በዚህ መንገድ ያቆሙት ዲስኮርድ የተባለ የሸክላ አሳታሚ ዛሬም አለ። በዚያ ዘመን ከእነርሱ አብዛኞቹ የቀን ሥራ ነበራቸው። በኋላ ስሙ የገነነው ሄንሪ ሮሊንስ እንኳ ጆርጅታውን ውስጥ አይስክሬም ቤት ይሠራ ነበር። ቀን ሠርቶ ማታ ሙዚቃ መሥራት ለእኛ ለስደተኞች አዲስ ነገር ነውን?

«ልጄ ከእነዚህ ጋር ውሎ ዱርዬ ይሆንብኛል» የሚል ወላጅም አይጠፋም። እውነት ነው፣ በፓንክ ዓለም አደንዛዥ ዕፅም ጠብም ነበረ። ነገር ግን መጠጥን፣ ሲጋራንና ዕፅን አንፈልግም የሚለው «ስትሬት ኤጅ» የተባለው የወጣቶች አቋም ስሙን ያገኘው ማይነር ስሬት የተባለው የዋሺንግተን ባንድ በ1981 ካወጣው ዘፈን ነው። ያ በክለብ በር ላይ የሚደረገው የኤክስ ምልክትም የዚሁ አቋም ዓርማ ሆነ። እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ልጁን ከመጠጥ የሚያርቀው የትኛው ነው? እጁ ላይ ኤክስ አድርጎ የሚገባበት አዳራሽ ነው ወይስ ጠርሙስ ያልገዛ ወንበር የማያገኝበት የእኛ ዳንኪራ ቤት?

ለእነዚህ ልጆች ፈር የቀደደላቸው ደግሞ ባድ ብሬይንስ የተባለው ባንድ ነው። አራቱም ጥቁሮች ናቸው፤ ከዚሁ ከዋሺንግተንና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው፤ ከዚያም ራስተፈሪያን ሆኑ። ከፈጣኑ ፓንክ ጎን ሬጌ ይጫወቱ ነበር። በ1982 በካሴት የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን ላይ የእኛው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይታያል። የንጉሠ ነገሥታችንን ስም በአምልኮ የሚጠሩ ወጣቶች በዚህች ከተማ መድረኩን ሲያናውጡ፣ እኛ «የፈረንጅ ጩኸት» ብለን በጅምላ መደምደማችን ያስተዛዝባል።

የነገሩ ቁም ነገር ግን ፉጋዚ የተባለው ባንድ ላይ ይገኛል። በ1987 ኮሎምቢያ ሃይትስ ሠፈር በነበረው በዊልሰን ሴንተር መጫወት ጀምሮ እስከ 2002 ድረስ ዓለምን ሲዞር፣ የመግቢያውን ዋጋ አምስት ዶላርና በዚያው አካባቢ አድርጎ ያዘ። በማንኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ይገባ ዘንድም አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። «በአምስት ዶላር እንዴት ይቻላል?» ለሚለው ምሥጢር የለበትም። ሥራ አስኪያጅ አልነበራቸውም፤ ውሉን ራሳቸው በስልክ ይዋዋሉ ነበር። ክለቡ ሲወደድ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወይም የማኅበረሰብ አዳራሽ ይፈልጋሉ። እዚህ በ16ኛው ጎዳና ላይ ያለው የፈረንጆቹ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ስንቱን የፓንክ ባንድ አስተናግዷል! ተመልካች ሌላውን ቢገፋና ቢደባደብ ሙዚቃውን አቁመው አምስት ዶላሩን መልሰው ያሰናብቱት ነበር። በ1993 የአትላንቲክ ሙዚቃ ኩባንያ መሥራች አሕመት ኤርቴጉን ኒውዮርክ ላይ ራሱ ከመድረክ ጀርባ መጥቶ እንዲፈርሙለት ቢያግባባቸው፣ እምቢ ብለው በዲስኮርድ ቀሩ።

«እነርሱ የተመቻቸው የነጭ ልጆች ናቸው፤ የእኛ ኑሮ ሌላ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ቤትና ወላጅ ነበራቸው። የባድ ብሬይንስን ልጆች ግን እዚያ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ከእኛስ መካከል የለምን? በ1981 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር አሜሪካ የመጣው የዋልያስ ባንድ አባል ኃይሉ መርጊያ እዚሁ ቀርቶ፣ በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም የዓለም መድረክ ተከፈተለት። ያሳተመለት ግን ከእኛ መካከል አንዱ አልነበረም፤ አንድ አሜሪካዊ ነው። የራሳችንን ዕንቁ ሌላ ሰው እስኪያነሳልን ለምን እንጠብቃለን?

በአገር ቤት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር አንድ ነገር ተረድቻለሁ። ተማሪ የሚወደው የተነገረውን ሳይሆን በእጁ የሠራውን ነው። የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ማይክሮፎን የያዘ ልጅ ደወል ከተደወለ በኋላም ከግቢው አይወጣም ነበር። እኛ ግን እዚህ ልጁ ጊታር ሲጠይቀን «አዝማሪ ልትሆን ነው?» እንለዋለን። በሠርጋችን ቀን ደግሞ ያንኑ አዝማሪ ግንባሩ ላይ ብር እየለጠፍን እናሞግሰዋለን።

ስለዚህ ለዕድሮች፣ ለማኅበራትና ለአዘጋጆች የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጠጥ በሌለበት የማኅበረሰብ አዳራሽ፣ ቤተሰብ ከነልጁ የሚገባበት ዝግጅት ይኑር። ዋጋው ተማሪ ሊከፍለው የሚችል ይሁን። ፖስተሩ ላይ የዘፋኙ ፊት ብቻ አይለጠፍ፤ የከበሮ መቺውም፣ የቤዝ ጊታሪስቱም፣ የሳክስፎን ተጫዋቹም ስም ይጻፍ፤ የሥራቸው ዋጋም በዕለቱ ይከፈላቸው። ከዋናው ባንድ በፊት ሠላሳ ደቂቃ ለልጆች ይሰጥ። ትዝታን በኤሌክትሪክ ጊታር ቢያስጮኹትም ይጩኹ! አዘጋጅ ወገኖቼ አዳራሽ ተከራይተው፣ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠው ስንት ጊዜ እንደከሰሩ አይጠፋኝም። የሌሊቱን ዝግጅት ይተዉ አላልኩም፤ ከሰዓት በኋላዋን ለልጆች ይልቀቁ ነው የምለው።

የዋሺንግተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2014 የከተማዋን የፓንክ ታሪክ የሚያሰባስብ ክፍል ከፍቷል። ትናንት ከግድግዳ ላይ ይቀደድ የነበረው የልጆቹ ወረቀት ዛሬ የከተማ ቅርስ ሆኗል። አባቶቻችን «ልጅ ያየውን፣ ሽማግሌ የሰማውን ያወራል» ይላሉ። ልጆቻችን ምንም እንዳያዩ በር ዘግተን ስናበቃ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ስለ ሙዚቃችን ማን እንዲያወራልን ነው የምንጠብቀው?