መንገድን ማስተካከል ሕመምን መከላከል ነው

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ምክር በጤና ትምህርት ዘንድ የታወቀ ነው። አንባቢም ይህን ምክር ሲሰማ ወዲያው የሚታሰበው እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ውሃን አፍልቶ መጠጣት፣ መጸዳጃ ቤትን በንጽሕና መያዝና ልጆችን ማስከተብ ነው። እነዚህ ሁሉ የማይታለፉ ግዴታዎች ናቸው። ነገር ግን በዘመናችን ሰውን ያለ ዕድሜው ከሚቀጥፉት ምክንያቶች አንዱ በውሃም በዝንብም የማይመጣ፤ በጎማ ተሽከርክሮ የሚደርስ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ይኸውም የመንገድ አደጋ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ እንደ ተገለጸው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉት ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ከሟቾቹ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ባለ ቢስክሌቶችና ባለ ሞተር ቢስክሌቶች እንጂ በመኪና ውስጥ የተቀመጡ አይደሉም። በአዲስ አበባማ ሚዛኑ ከዚህም የከፋ ነው። በከተማይቱ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ በእግራቸው ሲሄዱ የነበሩ ናቸው።

እንግዲህ ጤና ጠባቂው ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፤ ይህን በሽታ የምንከላከለው በምን ዐይነት መንገድ ነው? የሚል ነው። እስከ ዛሬ የተለመደው መድኃኒት ተግሣጽ ነው። እግረኛውን ተጠንቀቅ፤ ነጂውን ቀስ በል፤ ልጁን ከመንገድ ራቅ ማለት የተለመደ ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ብቻውን አይበቃም። አንድ መንደር የሚጠጣበት ምንጭ ከብት እየገባበት ቢደፈርስ፤ ጤና ጥበቃ መንደርተኛውን ውሃ አፍላ ብሎ ከመምከር ጋራ ምንጩን ያጥራል፤ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል፤ ለከብቱም ለብቻው ገንዳ ያበጃል። ይህ ከተደረገ በኋላ የረሳም፣ የሰነፈም፣ ያልተማረም ሰው ንጹሕ ውሃ ይጠጣል። ለመንገድም የሚያስፈልገው ሥራ ይኸው ነው። ምንጩ እንደሚታጠር መንገዱም ሰው በሚሳሳትበት ጊዜ እንኳ እንዳይገድል ሆኖ መሠራት ይገባዋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የእግረኛና የበቅሎ ከተማ ነበረች። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከገባ በኋላም መንገዶቿ ቀስ በቀስ ለሞተር ተሽከርካሪ ተሰፉ፤ ተስተካከሉ፤ ተጠረጉ። የነዋሪው አካሄድ ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ዛሬም ከከተማይቱ ጉዞ ከግማሽ ያህል የማያንሰው በእግር የሚፈጸም ነው፤ ከቀረውም ታላቁ ድርሻ በአውቶቡስና በታክሲ ነው። የግል መኪና ያለው ሰው ጥቂት ሲሆን የመንገዱን ሰፊውን ክፍል ይዞ ይኖራል። ብዙኃኑን ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ጥቂቱን መኻል ያዋለ አሠራር በፍትሕ በኩል ብቻ ሳይሆን በጤናም በኩል ሊመረመር የሚገባው ነው።

የጉዳቱ ሥር ፍጥነት ነው። መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በውስጡ ያለው የመግጨት ኃይል በ30 ከሚሄድበት ጊዜ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፤ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የገጨው እግረኛ የመሞቱ ዕድል በ50 ከተገጨው አራት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጣል። የሰው አጥንትና የሰው አእምሮ ይህን ኃይል የሚሸከሙ ሆነው አልተፈጠሩም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡት የአገሮች ተወካዮችም ሰዎችና ተሽከርካሪዎች በሚቀላቀሉበት ሥፍራ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ያሳሰቡት በዚሁ ምክንያት ነው።

መሻገሪያንም በቁጥር እንመርምር። ስድስት ረድፍ መኪና የሚያሳልፍ ጎዳና፤ እያንዳንዱ ረድፍ 3.5 ሜትር ቢሆን፤ ወርዱ 21 ሜትር ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በሰከንድ 1.2 ሜትር ቢራመድ ለመሻገር 17 ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል። በዚሁ ጊዜ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 240 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ እግረኛው ከሩብ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚመጣውን መኪና ፍጥነት ገምቶ መግባት አለበት ማለት ነው። በሰከንድ 0.8 ሜትር ብቻ የምትራመድ አሮጊት ግን 26 ሰከንድ ያስፈልጋታል፤ እርሷ ልትገምተው የሚገባት ርቀት ከ360 ሜትር ያልፋል። ይህን ከዐይን ደካማ፣ ከነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት ልጅ መጠበቅ አይገባም።

አሁን ደግሞ በጎዳናው መካከል ሰው የሚያርፍበት ከፍ ያለ መቆሚያ ይሠራ፤ ፍጥነቱም ወደ 30 ይውረድ። ጎልማሳው በአንድ ጊዜ የሚሻገረው 10.5 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ጊዜውም 9 ሰከንድ አይሞላም። ሊያየው የሚገባው መኪና በ73 ሜትር ርቀት ላይ ያለው ነው፤ የሚያየውም ከአንድ ወገን የሚመጣውን ብቻ ነው። እግረኛው አልተለወጠም፤ ትምህርቱም አልጨመረም። የተለወጠው መንገዱ ነው። በዚህ ላይ የመታጠፊያው ማዕዘን ቢጠብ ነጂው ለመታጠፍ ፍጥነቱን ለመቀነስ ይገደዳል፤ መሻገሪያው ከአስፋልቱ ከፍ ተደርጎ ቢሠራም ነጭ መስመሩን ያላየ ነጂ በጎማው ይሰማዋል።

የቢስክሌት ነገርም ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ያዝዛል። ሥራው በአምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሆነ ሰው በቢስክሌት ሲመላለስ፤ የጉዞው ጊዜ በቀን 40 ደቂቃ ያህል ቢሆን፤ በአራት የሥራ ቀን ከታዘዘለት ያልፋል። የደም ብዛትና የስኳር በሽታ በከተሞቻችን እየበዙ በሄዱበት በአሁኑ ጊዜ ይህ እንደ መድኃኒት የሚቆጠር ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ በቢስክሌታቸው የታወቁ ከተሞች ስለ ሆኑ፤ ልማዱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ ልጇን በአውቶቡስና በጭነት መኪና መካከል በቢስክሌት ሂድ የምትል እናት የለችም። ነጭ መስመር ማስመር ብቻም አይበቃም፤ መስመር ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ ጎማን አያቆምም። የተጠበቀ የቢስክሌት መንገድ ማለት ከመኪናው በድንጋይ ጠርዝ፣ በዕፅዋት ወይም በቆሙ መኪናዎች ረድፍ የተለየ፤ ከእግረኛውም የተለየ፤ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነው። አውቶቡስ በሚቆምበት ሥፍራም ባለ ቢስክሌቱ ከአውቶቡሱ ጋራ እንዳይጋፋ ከመቆሚያው በስተኋላ ያልፋል። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2007 በዘጠነኛው ጎዳናዋ ላይ የመኪና ማቆሚያውን ወደ መኻል አውጥታ የቢስክሌቱን መንገድ በእግረኛው ጠርዝ አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ በጎዳናው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ለተጠቃሚው ሁሉ ከግማሽ በላይ መቀነሱን የከተማይቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዘግቧል።

የሆላንድ ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1971 ከ3,200 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሲሞቱ ከእነርሱ መካከል ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች በአደባባይ ጮኹ፤ መንግሥትም ሰማ። ምንም እንኳ የሕዝቡ ቁጥር ቢጨምር እ.ኤ.አ. በ2023 የሞቱት 684 ነበሩ። ለዚህ የደኅንነት ቀበቶና የስካር ቁጥጥርም ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን የቢስክሌትና የእግረኛ መንገድን መለየት ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

በእኛም አገር ሥራው ተጀምሯል። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች በአንዳንድ እሑድ ለእግረኛ ሲከፈቱ ታይተዋል። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በለገሀር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በቀላል መከለያ የመሻገሪያው ርቀት እንዲያጥር ተደርጓል። ለሞተር አልባ ትራንስፖርትም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራበት አገር አቀፍ ስልት ወጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በበርካታ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛና የቢስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ምስጋናው ግን ዐይናችንን ሊጋርደው አይገባም። የቢስክሌት መንገድ እንደ ውሃ ቧንቧ ነው፤ በመካከል ከተቆረጠ ለመጨረሻው ቤት አይደርስም። በአደባባይ ዘንድ ሲደርስ የሚጠፋ፣ መኪናና ሞተር የሚቆሙበት፣ ወይም ከእግረኛው መተላለፊያ ላይ ተቀንሶ የተሰጠ መንገድ አዲስ ጠብ ይፈጥራል እንጂ ደኅንነት አይሰጥም። ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ያለው በመስቀለኛ መንገድ ነውና፤ ውበት ያለው ቀጥተኛ መንገድ ተሠርቶ መሻገሪያው እንደ ድሮው ከቀረ ሥራው ግማሽ ነው።

ተቃውሞ መኖሩን እናውቃለን። አንደኛው ወገን፤ መንገዱ ከጠበበ የመኪናው መጨናነቅ ይብሳል ይላል። ነገር ግን አንድ መኪና በሚቆምበት ሥፍራ አሥር ያህል ቢስክሌት ይቆማል፤ በቢስክሌት የሄደ ሰው ሁሉ ለባለ መኪናው ቦታ የለቀቀ ነው። ሁለተኛው ወገን፤ አዲስ አበባ ተራራማ ናት ይላል። እውነት ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ዳገት ለሁሉ አይሆንም። ከመስቀል አደባባይ በታች ወደ ቦሌ፣ ወደ ጎተራና ወደ ቃሊቲ ያለው ምድር ግን ያን ያህል የሚያስቸግር አይደለም፤ ለዳገቱም በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ቢስክሌት አለ። ሦስተኛው ወገን፤ ጥፋቱ ሥርዓት የሌለው እግረኛ ነው ይላል። እግረኛው አጥር የሚዘለው፤ በቀለበት መንገድ እንደሚታየው፤ ድልድዩ ሲርቅበትና ደረጃው ሲበዛበት ነው። በሚሄድበት ሥፍራ መሻገሪያ የተበጀለት ሕዝብ ሥርዓትን ይማራል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ችግሩ ይወገዳል የሚሉም አሉ፤ ጭሱ መቅረቱ ለሳንባ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ጭስ የሌለው መኪናም ሰው ይገጫል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናሳስበው፤ መሐንዲሱ ጎዳና ሲነድፍ አስቀድሞ የመሻገሪያውን ርዝመት በአሮጊት እርምጃ እንዲለካ፤ ማዘጋጃ ቤቱ የተቆራረጡትን የቢስክሌት መንገዶች እንዲያያይዝና በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በገበያ አጠገብ ያሉትን መሻገሪያዎች እንዲያስቀድም፤ ትራፊክ ፖሊስም የቢስክሌቱን መንገድ ከቆሙ ተሽከርካሪዎች እንዲጠብቅ ነው። የጤና ባለሙያም በየጤና ጣቢያው የሚመጣው ቁስለኛ የተጎዳው በየትኛው ሥፍራ እንደ ሆነ ቢመዘግብ፤ የኮሌራ ምንጭ እንደሚገኝ ሁሉ የአደጋው ምንጭ ይገኛል። ነዋሪውም በሰፈሩ አስቸጋሪ የሆነውን መሻገሪያ ለወረዳው ማመልከት መብቱም ግዴታውም ነው። የተሰበረ አጥንት ለመጠገን ወራት ይፈጃል፤ የጠፋ ነፍስም አይመለስም። የመንገዱ ጠርዝ ግን በጥቂት ቀናት ሊነሣና ሊተከል ይችላልና፤ ሥራው ከዚያ ይጀመር።