የገበያ ሕንጻዎች ባዶ መቅረትና የአጥቢያዎቻችን የኪራይ ተስፋ

 ዛሬ የማነሣው ነገር ስለ ሱቅና ስለ ፎቅ በመሆኑ አንዳንዶቻችሁ "ይህ ደግሞ መጋቢን ምን አገባው?" ትሉ ይሆናል። እንድጽፍ ያስገደደኝ የራሳችን የአጥቢያ ጉዳይ ነው፤ የእናንተም ሳይሆን አይቀርም። የአሜሪካውን ዓመት እንደ እነርሱ፣ የአገራችንን እንደ እኛ አቆጣጠር እጽፋለሁና እንዳያደናግራችሁ።

የማገለግለው በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ብዙም በማይርቀው በኩታበር አካባቢ ነው። አጥቢያችን ትንሽ ናት። ለዓመታት ደጅ ጠንተን ባገኘነው ቦታ ላይ የቆርቆሮ አዳራሻችንን አፍርሰን ባለ ሁለት ፎቅ ሕንጻ እንድንሠራ ከሽማግሌዎች ሐሳብ ቀርቧል። ምድር ቤቱና አንደኛው ፎቅ ለሱቅ ይከራያል፤ አዳራሹ ከላይ ይሆናል፤ ኪራዩ ደግሞ በገጠር ላሰማራናቸው ወንጌል ሰባኪዎች ደመወዝ ይውላል። የገንዘቡን እኩሌታ ከወዳጆቹ ጋር ለማሰባሰብ ቃል የገባልን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር የአገራችን ልጅ ነው። ደውዬለት ስንጨዋወት "መጋቢ፣ አሜሪካ እንደገባሁ ካፖርት የገዛሁበት ሞል እኮ ዛሬ የለም፣ ፈርሷል" አለኝ። ነገሩ ከነከነኝና መጠያየቅ፣ ማንበብም ጀመርኩ።

ያ ሞል ላንድማርክ ይባላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አካባቢ በ1965 የተከፈተ ነበር። ትልልቅ መደብሮቹ እየተዳከሙና እየወጡ ሄደው በ2017 መጀመሪያ ውስጡ ተዘጋ። ሜሲስ የተባለው መደብር ትቶት በሄደው ክፍል ከ2018 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ቤት የሌላቸው ሰዎች ተጠልለውበታል። በ2022 ማፍረሱ ተጀመረ፤ ለቦታው የታቀደው ሆስፒታልና መኖሪያ ቤት ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ድኻ ሰፈር ውስጥ አይደለም፤ ከዋሽንግተን የግማሽ ሰዓት መንገድ እንኳ በማይሞላ ቦታ ነው።

እንዲህ ያሉት ሞሎች እንዴት ተስፋፍተው እንዴት ወደቁ? በአሜሪካ የመጀመሪያው ዙሪያውን የተዘጋ፣ ሙቀቱም የሚስተካከል የገበያ ማዕከል በ1956 በሚኒሶታ፣ ኤዳይና በምትባል የከተማ ዳርቻ የተከፈተው ሳውዝዴል ነው። ንድፉን ያወጣው ከናዚዎች ሸሽቶ የተሰደደው ኦስትሪያዊ አርክቴክት ቪክቶር ግሩን ነበር። ሰውዬው የተመኘው ሕዝብ የሚገናኝበት፣ በዙሪያው መኖሪያና ትምህርት ቤት ያለበት የከተማ አደባባይ ነበር፤ ባለሀብቶቹ ግን ሱቁንና የመኪና ማቆሚያውን ብቻ ወሰዱ። በኋላ ራሱ አዘነበት።

የኪራዩ አሠራር ግን በደንብ ሊጤን ይገባዋል። ሕዝቡን የሚስቡት ጫፍና ጫፍ ላይ የተተከሉት ትልልቅ መደብሮች ነበሩ። ስለሚስቡም ባለንብረቱ ከእነርሱ የሚቀበለው ኪራይ ትንሽ ነው፤ አንዳንዶቹም የያዙት የራሳቸውን ሕንጻ ነበር። ዋናው ኪራይ የሚሰበሰበው በመካከል ካሉት ትንንሽ ሱቆች ነው። እነዚህም ሞኝ አልነበሩምና ብዙዎቹ በውላቸው ላይ "ትልቁ መደብር ከወጣ ኪራያችን ይቀንሳል ወይም ውሉ ይፈርሳል" የሚል አንቀጽ ያስገቡ ነበር። ሲርስ በ2018፣ ጄ ሲ ፔኒ በ2020 ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ሲያመለክቱ፣ ሌሎችም ቅርንጫፎቻቸውን ሲዘጉ ምን እንደሚከተል እናንተው ገምቱ። አንዱ ሲወጣ ሃያው ይከተላል።

ብዙ ሰው ሞሎቹን የገደላቸው ኢንተርኔት ነው ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ከቺካጎ ወጣ ብሎ የነበረው ዲክሲ ስኩዌር በ1966 ተከፍቶ በ1978 ሲዘጋ በኢንተርኔት መገበያየት የሚባል ነገር አልነበረም። ለሕዝቡ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ሞል ተሠርቶ ነበር፤ አዲሱ የአሮጌውን ደንበኛ ይወስዳል፣ በተራው ደግሞ ሌላ ይመጣበታል።

አሁን ወደ እኛ ወደ አማኞች ወደሚቀርበው ታሪክ ልምጣ። በኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ በ1977 የተከፈተ ዩክሊድ ስኩዌር የተባለ ሞል ነበር። ሱቆቹ ሲወጡ ባዶ ክፍሎቹን የተከራዩት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ከሃያ በላይ ነበሩ። ትናንት ጫማ ይሸጥበት በነበረው ክፍል ስብከት ተሰማ። ይሁን እንጂ ጣሪያውንም ማሞቂያውንም የሚጠግን አልነበረም፤ በ2016 ከተማው ሕንጻው ለሰው አደገኛ ነው ብሎ አዘጋው፣ ጉባኤዎቹም ተበተኑ። ሕንጻው ፈርሶ በ2019 የአማዞን መጋዘን ሥራ ጀመረበት። በአንጻሩ በሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ ሳውዝላንድ የተባለች ቤተ ክርስቲያን የሞተ ሞል በ2010 ገዝታ፣ አብዛኛውን አፍርሳ፣ በ2013 አዲስ ማምለኪያ ከፍታበታለች። ተከራይና ባለቤት አንድ አይደሉም።

በአዲስ አበባ ያለውን አብዛኞቻችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደንበል ሲከፈት ሰው አሳንሰር ለማየት ብቻ ይሄድ ነበር። ከዚያ ኤድና ሞል ሲኒማና የልጆች መጫወቻ ይዞ መጣ፤ ሰው የሚወጣበት ምክንያት ስለነበረው ነው የደመቀው። ከዚያ በኋላ ግን በየማዕዘኑ ሕንጻ ተሠራ፣ በየሕንጻውም ያው ጂንስ፣ ያው የስልክ ሽፋን። ምድር ቤቱን ባንክና ካፌ ይይዘዋል፤ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ "የሚከራይ" የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ከዚያም ኮሌጅ፣ ክሊኒክ፣ ጂም... እኛም እንገባበታለን። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ የማገለግልባት አጥቢያ በአንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። ሊፍቱ አይሠራም፤ እናቶች በየፎቁ እየተቀመጡ ይወጡ ነበር። የተሻለ የሚከፍል ተከራይ ሲመጣ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ተሰጠንና ወንበራችንን ተሸክመን ወረድን።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ፈጥኗል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የጅምላና የችርቻሮ ንግዱን ለውጭ ባለሀብቶች ከፈተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ዕቃ አስመጥቶ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም። ወጣቱ ሻጭ ደግሞ ሱቅ መከራየቱን ትቶ ዋጋውን በቴሌግራም ይለጥፋል፣ ዕቃውን በሞተር ይልካል።

እንግዲህ ወደ ኩታበር እንመለስ። የእኛ አገር ገበያ ሕንጻ አልፈለገም፤ ቀን እንጂ። ሮቢት፣ ሐሙሲት፣ ቅዳሜ ገበያ የሚባሉት ስሞች ከዚህ የመጡ ናቸው። ገበሬው በገበያ ቀን ይመጣል፣ ጤፉን ወይም በጉን ይሸጣል፣ ጨውና ሳሙና ይገዛል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። አህያውን ምድር ላይ አስሮ ፎቅ የሚወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። መግዛት የፈለገ የከተማ ሰውም ሚኒባስ ተሳፍሮ ደሴ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌዎቻችን ኪራይን የሚያዩት መባና አሥራት ሲጎድል እንደሚደርስ ሁለተኛ ምንጭ ነው። እውነት ሁለተኛ ነው? በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ኩታበርንና ደሴን ሲያዳርስ ሱቅም ተዘረፈ፣ ምእመናንም ተሰደዱ፤ በዚያ ወር ኪራይ የሚከፍል ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ከደሴ የሚመጣው መንገድ ሲዘጋ ባለ ሱቁ ዕቃ ያጣል፣ ገበሬው ገበያ ይቀራል፣ የመባው ሣጥንም በዚያው እሑድ ይቀላል። ተከራዩም ምእመኑም የሚኖሩት በአንድ መንገድና በአንድ ገበያ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲደርቅ ሌላው አይተካውም። የሰባኪዎቻችንን ደመወዝ በዚህ ላይ ማንጠልጠል፣ ትልቁ መደብር አይወጣም ብለው እንደ ተማመኑት ትንንሽ ሱቆች መሆን ነው። እነርሱ እንኳ የማምለጫ አንቀጽ ነበራቸው።

ሕንጻ አይሠራ አላልኩም። በሉቃስ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ የተነሣው ሰው የተጠየቀው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር ነው እንጂ እንዲተወው አይደለም። የእኔ ሐሳብ አዳራሹ ምድር ላይ እንዲሆን፣ አረጋውያንና ሕመምተኞች ያለ ደረጃ እንዲገቡ፣ በመንገዱ በኩል ሦስት ወይም አራት ሱቅ ብቻ እንዲሠራ፣ መሠረቱ ግን ወደፊት ፎቅ እንዲችል ተደርጎ እንዲጣል ነው። ከሱቆቹ የሚገኘው ለጥገናና ለችግር ጊዜ ይቀመጥ፤ ደመወዙን ምእመናን እንደ እስካሁኑ በመባቸው ይሸከሙት። አሌክሳንድሪያ ላለው ወንድማችን ይህንኑ ነግሬው "ታዲያ ገንዘቡ ሊተርፍ ነው" ብሎ ሳቀ።

አንዳንድ ሽማግሌዎች አልተስማሙም፤ ደሴ ላይ የተሳካላቸውን ሕንጻዎች እየጠቀሱ ይሟገቱኛል፤ መብታቸው ነው። ውሳኔው የሚሰጠው ከትንሣኤ በዓል በኋላ በሚደረገው የምእመናን ጉባኤ ነው። እኔም ለጉባኤው የማቀርበው ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ፦ በገበያ ቀን ጫማ ለመግዛት የእኛን ደረጃ የሚወጣው ሰው ማን ነው? ከየትኛው ቀበሌ ይመጣል? መንገዱ በተዘጋ ሳምንትስ?